ሽቦው የሚያልቅበት ቦታ

ግቢያችን ውስጥ ስድስት የኪራይ ክፍል አለ፤ ራውተር ግን አንድ ነው። ጎንደር፣ ማራኪ፣ አከራያችን ሳሎን መስኮት ሥር፣ በእጅ በተሠራ ዳንቴል ላይ ተቀምጧል። ወርሃዊ ክፍያውን የምናዋጣበት ደንብ እንዲህ ይላል፦ ደመወዝ ያለው ሙሉ ድርሻ፣ ተማሪ ግማሽ፣ የታመመ ወይም ሥራ የፈታ ምንም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። እኔ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ነኝ፤ ፓስወርድ መያዝና ፍጥነቱን ማከፋፈል ብቻ ነው የተሰጠኝ። ደንቡን ያወጡት አከራያችን ናቸው። ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። ኢንተርኔት ማለት ለእሳቸው አንድ ነገር ነው፦ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ስልኩ ላይ ስትታይ።

መጀመሪያ ሰሞን ደንቡ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን «እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም» አለ። ነርሷ ደግሞ «አንተ በሳምንት የምታገኘውን እኔ በወር አላገኘውም» ብላ ተነሣችበት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እማማ ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ ባለ ባጃጁን «ባለፈው ወር ስንት ቀን ቤንዚን አጥተህ ቆምክ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ቤንዚን ያለበት ወር ሙሉ፣ የሌለበት ወር ግማሽ ይከፍላል። የገቢ ማረጋገጫ ወረቀት ያመጣ ሰው የለም። አብረን ስለምንኖር ማን እንደተቸገረ ይታወቃል።

ይሄን የማወራው ግቢያችንን ለማወደስ አይደለም። መንግሥት የቤት ኢንተርኔትን ይደጉም ወይስ አይደጉም የሚለው ነገር በተነሣ ቁጥር ወሬው የሚያልቀው «ዋጋው ይቀነስ» ላይ ነው። ይቀነስ፣ ማን ይጠላል? እኔ ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት፣ አንዴ ከዚህ ግቢ፣ አንዴ ከወላጆቼ ቤት ሆኜ ያየሁት፣ ዋጋ ሁለተኛው ጥያቄ እንደሆነ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሽቦው የት ጋ ያልቃል የሚለው ነው።

*

በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በከተሞች ቀስ በቀስ መመለስ እስኪጀምር ዓመት ገደማ ፈጀ። ያን ጊዜ ጎንደር የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ስልክ ለመደወያ ብቻ ቀረ። ቴሌግራም የመጨረሻዋ መልእክት ላይ ደርቆ ቆመ። በሽቦ የሚገባው ኢንተርኔት ግን በአንዳንድ ሆቴሎችና ቤቶች ይሠራ ነበር። ስለዚህ ፒያሳ አካባቢ ማኪያቶ ያዘዘውም ያላዘዘውም የሆቴል ግድግዳ ተደግፎ፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይውላል።

እኔ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት በርቀት ነው የምሠራው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስብሰባ አለን፤ ማታ የጻፍኩትን ኮድ እልካለሁ። በእነዚያ ወራት ሥራዬ የቆየልኝ በእማማ ራውተር ነው። መብራት ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ ከባለ ባጃጁ አሮጌ ባትሪ ተቀብዬ ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት። የኛ ራውተር የሚፈልገው 12 ቮልት ነው፤ የባጃጅ ባትሪም 12 ቮልት ነው። የአምስት ዓመት ዲግሪ በቀጥታ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አብሮኝ የተመረቀ ጓደኛ አለኝ። ኮድ ከኔ የተሻለ ይጽፋል፤ ተማሪ ሳለን ፈተና ሲደርስ የማጠናው ከሱ ደብተር ነበር። ያኔ አዘዞ ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ የሚሠራውም ከስልኩ ላይ ዳታ እያጋራ ነው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ላፕቶፑን ተሸክሞ ወደ ፒያሳ ተመላለሰ። መንገድ የሚዘጋበት ቀን ይቀራል። በሦስተኛው ሳምንት ውሉ ተቋረጠ። ዛሬ አዲስ አበባ ነው፤ ደህና ሥራ ይዟል፤ ግማሹን ደመወዙን ኪራይ ይበላዋል። እናቱ አዘዞ ብቻቸውን ናቸው።

በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ልዩነት የእውቀት አይደለም፣ የትጋትም አይደለም። ዳንቴል ላይ የተቀመጠች አንዲት ሳጥን ናት። እሷም ብትሆን የኔ አልነበረችም።

*

ያኔ መዋጮ የሚባል ነገር አልነበረም። ሂሳቡን ብቻዋን የምትከፍለው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የእማማ ልጅ ነበረች። ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏት። አንድ እሁድ እማማ ስልኩን አቀብለውኝ ስናወራ፣ የሁለት ቤት ኢንተርኔት መክፈል እንዴት እንደማይከብዳት ጠየቅኋት። ሳቀችና «የኔን እኮ መንግሥት ነው የሚከፍልልኝ፤ በተረፈው የናንተን እከፍላለሁ» አለችኝ።

ነገሩን ገብቼ አነበብኩ። አሜሪካ ውስጥ አፎርደብል ኮኔክቲቪቲ ፕሮግራም የሚባል ነበር፤ በታኅሣሥ 2014 መጨረሻ ላይ ነው የጀመረው። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ከወርሃዊ የኢንተርኔት ሂሳቡ ላይ እስከ 30 ዶላር መንግሥት ይከፍልለታል። በነባር አሜሪካውያን ይዞታዎች ላይ ለሚኖሩት ደግሞ እስከ 75 ዶላር። ሕጉ የመደበለት 14.2 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ተመዝግቦ ተጠቀመ።

የጎንደሩ ሂሳብ ከ30 ዶላር በታች ነበር። እንግዲህ አስቡት። የአሜሪካ ምክር ቤት ለራሱ ዜጎች ያወጣው ድጎማ አንድ ሐበሻ ቤት ውስጥ ትንሽ ክፍተት ፈጠረ፤ ክፍተቱ ባሕር ተሻግሮ ማራኪ ደረሰ፤ ነርሷ፣ ሁለቱ ተማሪዎች፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ባለ ባጃጁና እኔ ተጠቀምንበት። ስለ ድጎማ ብዙ ነገር ይባላል፤ የት እንደሚያርፍ ግን ያወጣውም አካል አያውቀውም።

ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። ምክር ቤቱ ተጨማሪ አልመደበም፤ ፕሮግራሙ በግንቦት 2016 ተዘጋ። በዚያ ወር ልጅቷ ደወለችና «እማዬ፣ ከእንግዲህ ልጆቹ ያግዙኝ» አለች። መዋጮውና ደንቡ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዝኩ። አንደኛ፣ ሂሳብን መደጎም ይሠራል። የተቸገረ ቤት በወሩ እፎይ ይላል። ገንዘቡ ሲያልቅ ግን ምንም አይተርፍም፤ ቅናሹ እንደ ኪራይ ቤት ነው፣ ውጡ ሲባል ትወጣላችሁ። ሁለተኛው ነገር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ይሄ 30 ዶላር ሽቦው ቤቱ በር ላይ ደርሷል ብሎ ነው የሚነሣው። ሽቦ ላልደረሰበት ቤትማ አሜሪካኖቹ በዚያው ሕግ ውስጥ ሌላ ገንዘብ ለይተው ነበር፤ 42.45 ቢሊዮን ዶላር፣ በዋናነት መስመር ለመዘርጋት። ለሂሳቡ ከመደቡት ሦስት እጥፍ ገደማ ለርቀቱ መድበዋል ማለት ነው።

*

ወደኛ ስንመጣ፣ ድጎማ የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። ስንዴ፣ ዘይት፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ። በሐምሌ 2014 የነዳጁ ድጎማ ለሁሉም መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ ወደ መሆን መሸጋገር ሲጀምር፣ ክፍያው በቴሌብር እንዲያልፍ ተደረገ። ማለቴ፣ «ለተመረጠ ሰው በስልክ ድጎማ ማድረስ እኛ አገር አይቻልም» የሚል ካለ፣ መንገዱ ተሠርቶ አልቋል።

የኢንተርኔት ድጎማስ አለ ወይ? አለ፤ ድጎማ ብለን ስለማንጠራው ነው እንጂ። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም ታሪፉን ሲያሻሽል የሞባይል ዳታ 43 በመቶ፣ የመደበኛ ብሮድባንድ 54 በመቶ ቀነሰ። በመንግሥት የተያዘ ድርጅት ዋጋ ሲቀንስ፣ ያ ገቢ ሌላ ቦታ ሊውል የሚችል የሕዝብ ገንዘብ ነው። ሌላም አለ። የቤት ኢንተርኔት ታሪፍ በአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው፤ ቦሌም ደባርቅም ያው ነው። ቤቶች ተራርቀው በተቀመጡበት ደጋ ላይ ለአንድ ቤት መስመር ማድረስ ፎቅ ለፎቅ ከተያያዘበት ሰፈር የበለጠ ያስወጣል። ዋጋው ግን እኩል ነው። ይህ በሌላ ስሙ ከተሜው ለገጠሬው የሚያደርገው ድጎማ ነው፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፦ ይሄ ሁሉ ቅናሽ የሚደርሰው ሽቦው የደረሰበት ሰው ጋ ነው። ደባርቅ ላይ ያለው ታሪፍ ከቦሌ ጋር እኩል መሆኑ መስመር ላልገባለት ቤት ምንም አይነግረውም። ባቡሩ በማያልፍበት መንደር የባቡር ትኬት ቢረክስ እንደማለት ነው።

መስመር የሌለው ሰው ኢንተርኔት አይጠቀምም ማለት አይደለም። ይጠቀማል፤ በትንንሽ ጥቅል እየገዛ። ትንሿ ጥቅል ደግሞ በጊጋ ስትሰላ ከትልቁ ትወደዳለች። ሽቦ ያለው ቤት ወርሃዊ ክፍያውን ከፍሎ ያለ ገደብ ሲያይ፣ የሌለው እያንዳንዷን ቪዲዮ እያሰበ ይከፍታል። ዘይት በጄሪካን የሚገዛና በሲኒ እየለካ የሚገዛ ሰው፣ ለአንዱ ሊትር ብዙ የሚያወጣው ማን እንደሆነ እናቶቻችን ያውቁታል። በ2015 መግቢያ ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ፉክክር መጣ፤ ጥሩ ነው። ፉክክሩ ያተኮረው ግን አየር ላይ ነው። አየሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል።

*

እዚህ ላይ ትንሽ ቴክኒክ ላውራ፤ አጭር ነው። ድሮ ለስልክ በተዘረጋው የመዳብ ሽቦ ላይ ኢንተርኔት ሲላክ፣ ከማእከሉ በራቃችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል። ከ5 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ የሚረባ ነገር አታገኙም። ፋይበር ሌላ ነው። ከማእከሉ የሚነሣው አንድ የመስታወት ክር መንገድ ላይ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል፤ እስከ 20 ኪሎ ሜትርም ይሄዳል። ያውም መንገድ ላይ መብራት ሳይፈልግ። ለደጋ አገር፣ መብራት ለሚጠፋበት አገር፣ ከዚህ የሚመች የለም። ውዱ ነገር ክሩ ራሱ አይደለም። ቁፋሮው፣ እንጨት ማቆሙ፣ የሰው ጉልበቱና የመጨረሻዋን ቤት ለማገናኘት የሚሄደው ቴክኒሺያን ነው።

ስለዚህ ዋናው ወጪ አንዴ ነው የሚወጣው። ወርሃዊ ሂሳብ ግን ለዘላለም ነው። አንድ መንግሥት አንዴ የሚከፍለው ውስን ብር ካለው፣ የት ላይ ቢያውለው ይሻላል? እኔ ኮድ ስጽፍም የማስበው እንዲህ ነው፤ በየቀኑ በእጅ ከማስተካከል አንዴ ደህና አድርጎ መሥራት።

ሌሎች አገሮች ሞክረውታል። ቺሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የቴሌኮም ልማት ፈንድ አቋቋመች። ከዚያ ስልክ ያልገባላቸውን መንደሮች ዘርዝራ ጨረታ አወጣች፤ የሚያሸንፈው መንደሩን ለማገናኘት ከመንግሥት ዝቅተኛውን ድጎማ የሚጠይቅ ኩባንያ ነው። የሚገርመው፣ አንዳንዶቹ መንደሮች ላይ ኩባንያዎቹ የጠየቁት ዜሮ ሆነ። «አያዋጣም» ሲባል የኖረው ቦታ ተወዳዳሪ ሲመጣበት አዋጣ።

እኛም ሕጉ አለን። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ስለ ሁለንተናዊ ተደራሽነት ፈንድ ይናገራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ገበያው ብቻውን የማይደርስበት ቦታ አገልግሎት የሚደርስበት ገንዘብ ይኑር። እኔ የምለው፣ ይሄ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል ሂሳብ አይክፈል፤ ርቀት ይክፈል።

*

ርቀት ስል በጭፍን አይደለም። ያደግኩት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት የወረዳ ከተሞች በአንዷ ጠርዝ ነው። ብርድ አገር ነው፤ ገብስና ድንች፣ ከሰዓት በኋላ የማይቀር ነፋስ። ልጅ ሆነን የወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ነጭ ሳህን ነበር። ወደ ሰማይ ስለሚያይ «የዝናብ ማጥሪያ ነው» እንባባል ነበር። ቆይቶ ነው ወረዳኔት የሚባለው እንደሆነ የገባኝ፦ በመቶዎች የሚቆጠሩ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት ለማገናኘት በ1990ዎቹ የተዘረጋ የመንግሥት ፕሮጀክት። ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ደግሞ ፕላዝማ ጠበቀን። የኔ እድሜ ያላችሁ ትዝ ይላችኋል። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቅና እስክንጽፈው ሳይጠብቅ መልሱን ነግሮን ይሄዳል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል፤ አስተማሪው ግን የሆነ ቦታ ማስተማሩን ይቀጥላል።

እንቀልድበታለን እንጂ ነገሩ ትልቅ ነበር። ድሃ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ ተራራ ላይ ላለ ትምህርት ቤት የሳተላይት ግንኙነት ከፍሎ አስገብቷል። መንግሥት ለኔትወርክ መደጎም የጀመረው ትናንት አይደለም ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሆኖታል። ግን የደጎመው እስከ ግቢው አጥር ድረስ ነው። ሳህኑ የነበረበትን ግቢ አልፈን በየቀኑ ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር፤ ከሱ ወጥቶ ወደ አንድም ቤት የገባ ነገር ግን አላየሁም።

አሁን እህቴ 12ኛ ክፍል ናት። ብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ጀምሮ ለተወሰኑት ተማሪዎች በኮምፒውተር፣ በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ውጤት የሚታየው በኦንላይን ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባም እንደዛው። እዚያ ቤት ደግሞ መስመር የለም፤ የሞባይሉም ቢሆን የሚገኝበት ቀን አለ፣ የማይገኝበት ቀን ይበዛል። ቤተሰብ ተመካከረና እኔ ጋ መጣች። አንድ ክፍል ውስጥ መጋረጃ ሰቅለን ነው የምንኖረው። ማታ እኔ ስሠራ እሷ የፊዚክስ ቪዲዮ ታያለች። ራውተሩ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የሷና የሁለቱ ተማሪዎች ስልክ እንዲቀድም አድርጌዋለሁ፤ ማውረድ የሚፈልግ ሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው። እንግዲህ እኔም የራሴ የድጎማ ፖሊሲ አለኝ።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ለሷ መምጣት ቤተሰቡ የሚያወጣው፦ በየሁለት ወሩ የሚላክ ጤፍና ሽሮ፣ መንገድ ሲከፈት የአውቶቡስ፣ የደንብ ልብስ፣ የኪሷ፣ በቤት የምታግዘው ሥራ ስለቀረ እናቴ ላይ የጨመረው ድካም። እናቴ ድካሟን በብር አትቆጥርም፤ እኔ ግን ወገቧን እንደሚያማት አውቃለሁ። ሁሉንም ደምሬ በወር ሳካፍለው፣ ከቤት ኢንተርኔት ወርሃዊ ክፍያ ብዙ እጥፍ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን እስከ 2025፣ በነሱ አቆጣጠር፣ መነሻ የኢንተርኔት ዋጋ ከአማካይ የነፍስ ወከፍ ወርሃዊ ገቢ 2 በመቶ በታች ይሁን ብሎ ግብ አስቀምጦ ነበር። ጥሩ ግብ ነው። ግን ሽቦ ያልደረሰበት ቤት እውነተኛ ዋጋ በታሪፍ ሰሌዳ ላይ አይገኝም። የኛ ቤት ዋጋ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ከእናቷ መለየቷ ነው።

ይሄም እድለኛ ስለሆንን ነው። ከክፍሏ ልጆች ከተማ ላይ ወንድም የሌላቸው ይበዛሉ።

*

«ውሃ ሳይገባ ዋይፋይ?» የሚል ሰው አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አባቴም ይጠይቀዋል። በጀት ሲቀራመቱት ውሃ፣ መንገድና ጤና ጣቢያ ቢቀድሙ አልከራከርም። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ፈተናው፣ ምደባው፣ ፋይዳ መታወቂያው፣ የነዳጅ ክፍያው፣ ሁሉም ወደ ኢንተርኔት ገብቷል። መንግሥት ቢሮውን ወደ ሌላ ሰፈር ካዛወረ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ መሥራት የሱ ነው። አሁን ግን መንገዱን እያንዳንዱ ቤተሰብ በየግሉ እየሠራ ነው፤ አንዳንዱ በጤፍ፣ አንዳንዱ በልጅ።

ደግሞ ሁሉም ቤት ነገ ይግባለት አላልኩም። ወረዳ ላይ የደረሰው መስመር ከሥራ ሰዓት በኋላ ለትምህርት ቤቱና ለወጣት ማእከሉ ይከፈት። ማታ 12 ሰዓት ላይ ቢሮው ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ኔትወርክ የተከፈለበት ሆኖ ነው ባዶውን የሚያድረው። አዲስ መስመር ሲዘረጋ የመገናኛና የራውተር ወጪው ድሃ ለሆነ ቤት ይሸፈን፤ ወርሃዊውን ራሱ ይክፈል። ጎረቤታሞች አንድ መስመር ተካፍለው የሚጠቀሙበት አሠራር ሕጋዊና ቀላል ይሁን። እቁብና እድር ለመሠረተ ሕዝብ ይሄ አያስቸግረውም። ማን ሙሉ፣ ማን ግማሽ ይክፈል የሚለውን በየግቢው ያሉ እማማዎች ከማንም ፎርም በተሻለ ይፈርዱታል።

ድጎማ የማይፈታውም አለ። በሽቦ ይምጣ በአየር፣ የተደጎመ ይሁን ያልተደጎመ፣ ማጥፊያው በሌላ እጅ ያለ ነገር ሲጠፋ ይጠፋል። ጓደኛዬ ሥራውን ያጣው ውድ ስለሆነበት አይደለም፤ ስለተዘጋ ነው። ርካሽ ኢንተርኔትና የማይዘጋ ኢንተርኔት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱንም መጠየቅ አለብን፤ አንዱ ሲመለስ ሌላው የተመለሰ እንዳይመስለን።

ባለፈው ፋሲካ መንገዱ ደህና ስለነበር ከእህቴ ጋር ወደ ቤት ሄድን። አባቴ ኢንተርኔት አይጠቀምም፤ ልጁ ለምን ከቤት እንደወጣች ግን ያውቃል። ከቅዳሴ መልስ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ «ና እስቲ፣ ያ ሽቦ የት ጋ ነው የቆመው አሳየኝ» አለኝ። ወጣን። የመጨረሻው እንጨት ከወፍጮ ቤቱ ጋ ነው ያለው፤ ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። አባቴ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ያለውን በእርምጃ ለካ፤ ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ደጃችን እየቆጠረ ተመለሰ። እኔ ከኋላ ከኋላው እሄዳለሁ።

«ስምንት እንጨት ነው» አለኝ በራችን ላይ ቆሞ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ ዞር ብሎ አየ። «እንጨቱን እኔ እቆርጣለሁ። ጉድጓዱንም እንቆፍራለን። እነሱ ክሩን ብቻ ያምጡ፤ ይሄን ጻፍላቸው።»

ይኸው ጻፍኩ።